ሲጥ የምትለው መኪናና የእማማ ጥሩአየሁ ቅቤ

ተረት ተረት!

«የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም፣ ቅቤዋ ብቻ ናት ያለችው። «የሞተር ጩኸት» በሉኝና ልቀጥል።

እማማ ጥሩአየሁ የሚባሉ የሐይቅ ከተማ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ማሪቱ ደሴ ላይ የመጀመሪያ ልጇን በሰላም ተገላገለች። እማማ ምን ፈለጉ? ወርቅ አልፈለጉ፣ ጮማ አልፈለጉ። ልጃቸው የአራስነቷን የመጀመሪያ ገንፎ በእናቷ እጅ፣ በእናቷ ቅቤ እንድትበላ ብቻ ፈለጉ። ችግሩ የማሪቱ አማት ወይዘሮ ደብሪቱ ናቸው። እዚያው ደሴ፣ ማማሰያቸውን ጨብጠው ቆመዋል። እማማ እስከ ቀትር ካልደረሱ ገንፎውን እሳቸው ያገነፉታል። ካገነፉት ደግሞ ሕፃኑ አድጎ ሚስት እስኪያገባ ድረስ ያወሩታል።

ስለዚህ እማማ ቅቤውን በቅል፣ የገብስ ዱቄቱን በስልቻ ይዘው፣ ለወይዘሮ ደብሪቱ ዓይን ሲሉ የገዙትን ባለጥለት ነጠላ ለብሰው፣ ጎረቤታቸው ጋሽ አበጋዝ መኪና ውስጥ ገቡ። መኪናዋ ማሪቱን በዕድሜ ትበልጣታለች። ተነስታ ትንሽ እንደሄደች፦

«ሲጥ! ሲጥ! ሲጥ!»

ጋሽ አበጋዝ መንገድ ዳር ጥግ አስያዟት።

«እማማ፣ ይሄ ድምፅ ምን እንደሆነ ሳላውቅ አልነዳም። ዳገቱ መሐል ብትቆምብንስ?»

«አጥፋትና እያት እንግዲህ።»

«ካጠፋኋት አትነሳም። ባትሪዋ ደካማ ነው። ገፍተው የሚያስነሷት ጎረምሶች ደግሞ ገበያ ወጥተዋል።»

ሹፌር ካልነዳ አራስ ገንፎ አትበላ!

ወዲያው አላፊ አግዳሚው ከበባቸው። አንዱ «ፒስተን ነው» አለ። አንዷ «ውሃ ጠምቷት ነው» አለች። አንዱ ደግሞ «ጅን ገብቶባታል፣ ያጎቴንም መኪና እንዲሁ አድርጓት ነበር» አለ። የሐይቅ ሰው ስለ ሞተር የማያውቀው ነገር የለም፤ ዝም ማለት ብቻ ነው ያላወቀበት።

እማማ ወደ መካኒኩ ወደ እንድሪስ ሄዱ። ጋራዡ እዚያው ከመንገዱ ዳር ነው። «እንድሪስ ልጄ፣ እባክህ ስማልኝ። አንተ ካልሰማህ ሹፌር አይነዳ፣ ሹፌር ካልነዳ አራስ ገንፎ አትበላ።»

እንድሪስ ኮፈኑን ከፈተ። ረጅሙን ካቻቢቴ አወጣ፤ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። እንደ ሐኪም ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ዓይኑን ገልጦ ጮኸ፦

«እማማ! መጮኋስ ትጮኻለች፤ ከየት በኩል እንደሆነ ግን መለየት አልቻልኩም። ያ የጎረቤቴ ወፍጮ ጆሮዬን ደፍኖታል! እሱ ካልቆመ አልሰማም።»

ወፍጮ ካልቆመ መካኒክ አይሰማ፤ መካኒክ ካልሰማ ሹፌር አይነዳ፤ ሹፌር ካልነዳ አራስ ገንፎ አትበላ!

እማማ ወፍጮ ቤት ገቡ። ባለወፍጮው ጌጡ ከቅንድቡ እስከ ጫማው ዱቄት ለብሶ ቆሟል። ሰው መሆኑ የሚታወቀው በማስነጠሱ ነው።

«ጌጡ! ወፍጮህን አንዴ አቁምልኝ! ወፍጮ ካልቆመ መካኒክ አይሰማ፣ መካኒክ ካልሰማ ሹፌር አይነዳ፣ ሹፌር ካልነዳ አራስ ገንፎ አትበላ!»

«የዘምዘም ማሽላ አፉ ውስጥ እያለ ካቆምኩት ይታነቃል፣ እማማ!» አለ በጩኸት። «እንዳልጨርሰውም ጆንያዋ ሞልቷል፤ ዱቄቱ መሬት ሊፈስ ነው። ይህን ጆንያ ታንሳልኝ፣ የቀረውን ልፍጭ፣ ያኔ አቆማለሁ!»

ጆንያ ካልተነሳ ወፍጮ አይቆም፤ ወፍጮ ካልቆመ መካኒክ አይሰማ፤ መካኒክ ካልሰማ ሹፌር አይነዳ፤ ሹፌር ካልነዳ አራስ ገንፎ አትበላ!

ዘምዘም ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጥርሷን ትፍቃለች።

«ዘምዘምዬ፣ ጆንያሽን አንሺልኝ እቴ።»

«በምን ወገቤ? ወገቤን ለሦስት ልጆች አከፋፍዬ ጨርሻለሁ። አህያዬ ዳማ ይምጣና እሱ ያንሳው። ያውልዎ፣ ከመንገዱ ማዶ ዋርካው ሥር ቆሞ ያየኛል። ብጠራው ብጠራው እንቢ አለ፤ ልክ እንደ ባሌ።»

አህያ ካልመጣ ጆንያ አይነሳ፤ ጆንያ ካልተነሳ ወፍጮ አይቆም፤ ወፍጮ ካልቆመ መካኒክ አይሰማ፤ መካኒክ ካልሰማ ሹፌር አይነዳ፤ ሹፌር ካልነዳ አራስ ገንፎ አትበላ!

እማማ መንገዱን ተሻገሩ። ፀሐዩ ከፍ ብሏል። ቅሉን ሲነቀንቁት ቅቤው ቦጭ ቦጭ አለ።

«ዳማ፣ የኔ ጌታ፣ ና እንሂድ።»

«ያቺ የምትጮኸው ምንድን ናት?» አለ ዳማ። በተረት አህያ ይናገራል፤ ከተረት ውጭም የሚናገር አይጠፋም።

«መኪና ናት።»

«መኪናማ አውቃለሁ፣ ስንቱን አሳልፌያለሁ። ይህቺ ግን ታማለች። ሰዎቹ ከበው ያወራሉ እንጂ የሚያስታምማት አላየሁም። ዝም እስክትል ባጠገቧ አላልፍም።»

እማማ ጣታቸውን እያጠፉ አሰቡ። ሞተር ዝም ካላለ አህያ አይመጣ። አህያ ካልመጣ ጆንያ አይነሳ። ጆንያ ካልተነሳ ወፍጮ አይቆም። ወፍጮ ካልቆመ መካኒክ አይሰማ። መካኒክ ካልሰማ ደግሞ... ሞተር ዝም አይል! ዞሮ ዞሮ እዚያው። አንድ ከተማ ሙሉ ሰው እርስ በርሱ ጅራት ለጅራት ተያይዞ ቆሟል፤ ወይዘሮ ደብሪቱ ደሴ ላይ ውሃ ጥደዋል።

መጀመሪያ ሳቃቸው መጣ፤ ቀጥሎ ንዴታቸው። ከዚያ ነጠላቸውን አዩ። ጥለቱን ዳሰሱ። ልባቸው እሺ አላለም፤ እጃቸው ግን ቀደመ።

«ስማ ዳማ። እሷን ዝም ማሰኘት አልቻልኩም። አንተ እንዳትሰማ ማድረግ ግን አያቅተኝም።»

ያን አዲስ ነጠላ ከትከሻቸው አውርደው ሁለቱን ረጃጅም ጆሮዎች ጠቅልለው አሰሩለት። ጥለቱ በግንባሩ በኩል ወጣ። ዳማ ሚዜ መሰለ። አንድ እግሩን አነሳ። ሁለተኛውን አነሳ። በምታለቅሰዋ መኪና አጠገብ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ቀስ ብሎ አለፈ።

አህያ መጣ፤ ጆንያ ተነሳ። ጌጡ የቀረችውን ማሽላ ፈጭቶ ጨረሰ፤ ወፍጮ ቆመ።

ዝም! ሐይቅ እንዲህ ዝም ያለችበትን ቀን ማንም አያስታውስም። ወሬኞቹ እንኳ የገዛ ድምፃቸው አስደንግጧቸው አፋቸውን ያዙ። በዝምታው መሐል፦ «ሲጥ! ሲጥ! ሲጥ!»

ጌጡ ዱቄቱን እያራገፈ ብቅ አለ። «ይሄ ነው እንዴ? ይሄማ የወፍጮዬ ቺንጋ፣ ያ ማዞሪያ ቀበቶው፣ ሲላላ የሚጮኸው ጩኸት ነው! ከጠዋት ጀምሮ ለምን አልጠራችሁኝም?»

«ስንጠራህ መቼ ትሰማለህ!» አሉ እማማ።

እንድሪስ ካቻቢቴውን ተከለ፣ አዳመጠ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ዲናሞው ጋ ነው። የዲናሞው ቺንጋ ላልቷል። እኔም ልለው ነበር፣ ቀደመኝ እንጂ።» ወደ ጋሽ አበጋዝ ዞረ። «ባትሪዎም የደከመው ለዚህ ነው፤ ቺንጋው ሲንሸራተት ዲናሞው ምን ኃይል ያመጣል? በሉ ያጥፏት።»

«እንዴት ትነሳለች?»

«እርስዎ ያጥፏት!»

ጠፋች። እንድሪስ ቡሎኑን አላላ፣ ዲናሞውን በዱላ ገፋ አድርጎ ቺንጋውን ወጠረ፣ ቡሎኑን መልሶ አጠበቀ። ከዚያ ሁሉም ወደ ኋላ ሄደው ገፉ። እንድሪስ ገፋ፣ ጌጡ ገፋ፣ ፒስተን ነው ያለው ገፋ፣ ጅን ነው ያለው ገፋ። ያቺ ወገብ የላትም የተባለች ዘምዘም ከሁሉም አብልጣ ገፋች።

«አይ እናንተ፣» አሉ እማማ ከውስጥ፣ «ጎረምሳ የለም ስትሉኝ አልነበረም?»

መኪናዋ ተነሳች፤ ልጇን እንዳስተኛች እናት ዝም ብላ ሄደች። ነጠላውን ዘምዘም ከዳማ ጆሮ ፈትታ፣ ሮጣ በመስኮት ወረወረችላቸው።

ደሴ ሲደርሱ ወይዘሮ ደብሪቱ ማማሰያቸውን አንስተው ነበር። እማማ ገቡ፣ ማማሰያውን ተቀበሉ፣ በራሳቸው ዱቄት አገነፉ። መሐሉን ጎድጎድ አደረጉት። ቅቤውን ላቅልጥ ማለት አላስፈለጋቸውም፤ ፀሐዩ በመንገድ አቅልጦት ስለነበር ከቅሉ ቀጥታ ወረደ። የመጀመሪያውን ጉርሻ በእጃቸው ለማሪቱ አጎረሷት። ማሪቱ አላመጠች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እማዬ፣ የቤታችን ቅቤ!»

ወይዘሮ ደብሪቱ አፍንጫቸውን ነፋ አደረጉ።

«እትዬ ጥሩአየሁ፣ አይቀየሙኝና ነጠላዎ አህያ አህያ ይላል።»

«ይበል እመቤቴ፣» አሉ እማማ ሁለተኛውን ጉርሻ ቅቤ እያስነኩ። «ዛሬ ከሐይቅ ሰው ሁሉ እሱ ነው የሰማኝ፤ ያውም ጆሮው ታስሮ።»

አህያ መጣ፣ ጆንያ ተነሳ፣ ወፍጮ ቆመ፣ መካኒክ ሰማ፣ ሞተር ዝም አለ፣ ሹፌር ነዳ፣ አራስም በላች።

ተረቴን መልሱ፣ ገንፎዬን በቅቤ አርሱ።