በአማርኛ የጠየቀው ኮምፒዩተር

አንድ ሰው ነበረ። የአንዲት ትንሽ ከተማ ደብር ጸሐፊ ነው፤ አቶ ድንበሩ እንበለው። በአጥቢያው ኮምፒዩተር የሚነካ እሱ ብቻ ስለነበር፣ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ አንገቱ ይረዝም ነበር።

ኮምፒዩተሩ አልፎ አልፎ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ይጽፍለታል። አቶ ድንበሩ መነጽሩን ያስተካክላል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ የእሺታውን ቁልፍ ይጫናል። "ኮምፒዩተሩ ምን አለህ?" ሲሉት "የቴክኒክ ጉዳይ ነው" ይላል። ምን እንዳለው ያውቃል? አያውቅም። ግን እሺ ይላል። እስቲ እንዲህ ያለ ታዛዥ ከየት ይገኛል?

አምና መሪጌታ ልሳነወርቅ፣ ዓይናቸው የደከመው አዛውንት፣ ዐቢይ ጾምን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጠው የደብሩን ታሪክ አስጻፉት። ከእሳቸው በቀር የሚያውቀው የለም። ለንግሥ በዓሉ ቢሮው ሲጸዳ፣ አቶ ድንበሩም እንደ ልማዱ ኮምፒዩተሩን ከአሮጌ ጽሑፎች አጸዳ። ታሪኩ አብሮ ተጠረገ። "ኮምፒዩተሩ በላው" አለ። መሪጌታ ከዚያ ወዲህ የቢሮውን ደጃፍ አልረገጡም። እሱም ከሩቅ ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል።

ዘንድሮ ኮምፒዩተሩ ተበላሸ። ብሩክታዊት የምትባል ጠጋኝ መጥታ በነፃ የሚታደል ሲስተም ጫነችበት። "ከላይ እስከ ታች አማርኛ ነው ጋሼ፤ ሳንቲም አይከፈልበትም" አለችው። ደስ አላለውም። አማርኛማ ማን አያነብም?

ንግሡ ደረሰ፤ ጽዳቱም ደረሰ። አቶ ድንበሩ ሊጠርግ ሲል ኮምፒዩተሩ እንዲህ አለው፦ "ይህ ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ይጠፋል። እርግጠኛ ነዎት?"

ጣቱ አየር ላይ ቀረ። አንቱ ብሎ ነው ደግሞ የጠየቀው። ለብሩክታዊት ደወለ።

"እባክሽ ወደ እንግሊዝኛው መልሺልኝ።"

"ምነው ጋሼ፣ አልገባዎትም?"

"ገባኝ እንጂ። ያስቸገረኝ መግባቱ ነው። ያኛው እንዲህ እያለ አያስጨንቀኝም ነበር።"

"ያኛውም ይህንኑ ነበር የሚጠይቅዎት።"

ስልኩን ዘጋ። ለካ አምናም ተጠይቆ ነበር። እሺ ያለው እሱ ራሱ ነው። አፈረ፣ በጣም አፈረ። ከዚያ ተነሣና ያንን ሲሸሸው የከረመውን መንገድ ይዞ መሪጌታ ቤት ሄደ።

"መሪጌታ፣ ኮምፒዩተሩ አልበላውም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ላጥፋው ወይ ሲለኝ፣ ሳይገባኝ እሺ አልሁት።"

መሪጌታ ጢማቸውን ዳበሱ። "እኔም ጥርስ የሌለው ነገር እንዴት በላ እያልሁ ዓመት ሙሉ ስገረም ነበር። በል ተነሥ፣ እኔም ሳልጠፋብህ እንጻፈው" አሉት።

ወገኖቼ፣ በዚህ ሰው ስቃችኋል። ሳቁ፣ መልካም ነው። ግን እስቲ እኛስ?

ቅዳሴው በግዕዝ ሲዜም አሜን እንላለን፤ ድምፃችን ጣሪያ ይነካል። ምኑን ነው አሜን ያልነው? መነጽራችንን አስተካክለን፣ ራሳችንን ነቅንቀን እሺ አልን። ካህኑ ያንኑ ቃል በአማርኛ ተርጉሞ "ከተጣላኸው ታረቅ" ሲል ግን፣ ስብከቱ ረዘመ ብለን ጫማ ፍለጋ እንወጣለን። ቃሉ ተለወጠ እንዴ? አልተለወጠም። ገባን እንጂ! ቢቻለንማ ወደማይገባን መልሱልን እንል ነበር።

እናንተስ መንገድ የምትቀይሩለት ሰው የለም? አለ። ስሙን እኔ አልጠራም፤ እናንተ ግን አሁን አስባችሁታል። ዛሬ በአማርኛ ተጠይቃችኋል፣ አልገባኝም ማለት ቀርቷል። ጉባኤው ሲያልቅ ጫማችሁን አድርጉ፤ ከቤታችሁ በፊት ግን እሱ ቤት ግቡ።