የግማሽ ቀን ሳንባ

አንዲት ሴት ነበረች፤ በአበባ እርሻ ቋሚ ሠራተኛ። ቋሚ ማለት መቼም ታውቁታላችሁ። ብትታመም ሕክምና አላት፣ ብትደክም የዓመት ፈቃድ አላት። ጽጌረዳው ላይ የሚረጨው መድኃኒት ደረት ስለሚያፍን ደግሞ፣ በየቀኑ ምሳ ሰዓት አንድ የላስቲክ ወተት ይሰጣታል።

አጠገቧ ባዩሽ ትሠራለች። ባዩሽ የግማሽ ቀን ናት። ያው አበባ፣ ያው መድኃኒት፣ ያው ሳል። ወተት ግን የላትም።

አንድ ቀን ባዩሽ እየሳለች፣ "እህት ዓለም፣ እስቲ ከወተትሽ አንዴ ፉት ልበል" አለቻት።

"የቋሚ ነው እኮ ባዩዬ። ደንብ ነው።"

"ውይ! የግማሽ ቀን ሠራተኛ በግማሽ ሳንባዋ ነው እንዴ የምትተነፍሰው?"

ሴትየዋ ሳቀች። ሳቀችና ጠጣችው። ልብ በሉ፣ ዞር እንኳን አላለችም!

በማግስቱ ባዩሽ ከሥራ ቀረች። ሳሏ ግን አልቀረም።

ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ማንም በሌለበት የአበባ መደብ መሃል "እህ... እህ" ይላል። ሴትየዋ ሄዳ ታያለች፤ አንድ ቅጠል አይነቃነቅም። ተመልሳ ወተቷን ስታነሳ ላስቲኩ አልተቀደደም፣ መሬት ላይ ጠብታ የለም፣ ወተቱ ግን ግማሽ ሆኗል። በነጋታውም እንደዚያው። ከዚያም ወዲያ እንደዚያው። ማን ጠጣው? እናንተ ብትሆኑ ለማን ትናገሩታላችሁ?

ፍርሃቱ ሲብስባት፣ አንድ ቀን የተሰጣትን ወተት ወዲያው ጉያዋ ሸጉጣ፣ ከሥራ ስትወጣ የባዩሽን ቤት አጠያይቃ ሄደች። ደጁ ላይ የለቅሶ ድንኳን እንዳታይ እየሰጋች። ድንኳን የለም። ባዩሽ ከስታለች፣ ግን አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላለች።

"ይኸው፣ ወተት... አምጥቼልሽ ነው" አለች ሴትየዋ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

"እንዴ! ዛሬ ሙሉውን?" አለች ባዩሽ። "በየቀኑ ምሳ ሰዓት ግማሹን እያመጣሽ አይደል እንዴ ያተረፍሽኝ? ምነው ግን ስትመጪ አንድም ቃል አትናገሪም?"

ሴትየዋ በምሳ ሰዓት ከእርሻው ወጥታ አታውቅም።

ማን እንደሄደ እኔን አትጠይቁኝ። እኔ የማውቀው፣ እግዚአብሔር ለባዩሽ ያለው ግማሽ በዚህች ሴት እጅ እንደነበረ ነው። እጇ እምቢ ሲል፣ መልኳን የለበሰ ሌላ ሰው አደረሰው።

አሁን አንገታችሁን አትድፉ፤ እናንተን ነው የማወራው! ልብስ የምታጥብላችሁ ተመላላሽ፣ ወጡ ሲሸት "በቃ፣ አንቺ እስከ ስድስት ሰዓት ነሽ" ተብላ ትሸኝ የለ? እሺ። ዛሬ ቤት ስትገቡ ድስቱን ክፈቱት። ጎድሎ ካገኛችሁት ሌባ አትፈልጉ። ሳህን ይዛችሁ ሩጡ፤ መልካችሁን የለበሰው ሰው ደጇን ሳያንኳኳ ድረሱላት።