የጦይባ ቄብ

ስሟን ማንሳት ለነገራችን አይጠቅምም እንጂ፣ አሮጌ የድንጋይ መስጂድ ያላት አንዲት የቆላ ከተማ ነበረች። በከተማዋ ጫፍ፣ ግቢያቸው በቁልቋል የታጠረ ሼህ ሙዘይን የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። አላህ ይዘንላቸውና፣ ዓይናቸው እስኪደክም ድረስ ቁርኣን ሲያስቀሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሁለት ሴት ልጆቻቸው ሩቅ አገር ተድረዋል። ባለቤታቸው ሉባባ ረመዷን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ወደ አኼራ ሄዳለች።

ከሉባባ የቀረችላቸው አንዲት ገብስማ ዶሮ ናት። ሉባባ ከመታመሟ በፊት ካሳቀፈችው እንቁላል አሥራ አንድ ጫጩት ተፈልፍሎ፣ አሥሩን ፈንግል ሲፈጃቸው ይህቺ ብቻ ተረፈች። ሰው የሌለበት ቤት ሲገባ የሚባል ሰላምታ እንዳለ ሼሁ ለስንት ደረሳ አስተምረዋል። ለራሳቸው ሲሉት ግን ምላሳቸው ላይ ይከብዳቸው ነበር። ያን ጊዜ ዶሮዋ ከጓሮ እየተንደረደረች ትመጣና ጫማቸውን ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው ጦይባ ቀይ ቄብ ዶሮ ብብቷ ስር ሸጉጣ መጣች። ጦይባ ባሏ የሞተባት፣ አፏ የማያርፍ፣ ልቧ ግን የዋህ የሆነች ሴት ናት።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሼሁ! እንግዳ አመጣሁልዎ። ምግብ አትመርጥም፣ ወሬ አታመላልስም፤ እንደ እኔ አይደለችም።»

ሼሁ ፈገግ አሉ። «ወዐለይኩሙ ሰላም። ወዴት ነው መንገዱ?»

«ልጄ ልትወልድ ደርሳለች። ከአራስ ቤት እስክትወጣ እዚያው ነኝ። ይህቺን በአማና ልተውልዎ። ያለችኝ እሷው ናት፤ እንቁላል ልትጀምር ነው። ጫጩት አስፈልፍዬባት ነው የምኖረው።» ቄቧን ከሰጠቻቸው በኋላ ጣቷን ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ትልቅ ዋርካ ቀሰረች። «አንድ ነገር ብቻ። እዚያ ላይ ጭልፊቷ ልጆች አሏት፤ የምታድነው ጠዋት ጠዋት ነው። የርስዎ ዶሮ ትልቅ ናት፣ አትደፍራትም። ይህቺን ግን ከዙህር አዛን በፊት ከቅርጫት ስር አያውጡብኝ።»

«እሺ ልጄ። በአላህ አማና ተቀብያለሁ።»

ሼሁ ቃላቸውን ጠበቁ። ጠዋት ቅርጫት ይደፉባታል፤ ቀትር ላይ ዙህር ሲሰገድ ይከፍቱላታል። ሁለቱ ዶሮዎች አመዱን ሲጭሩ፣ በማሽላ ድቃቂ ሲጣሉ፣ አንዷ ሌላዋን ስታባርር ግቢው ሰው ያለበት ግቢ መሰለ። ጠዋቱ ግን ረዘመባቸው። ሉባባ በጠዋት ነበር የምትናገረው፤ ዶሮውንም፣ ጎረቤቱንም፣ እሳቸውንም የምትቆጣው በጠዋት ነበር።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት፣ ከትናንቱ የዐስር ሶላት ጀምሮ አንድም ሰው አላነጋገራቸውም ነበር። ቄቧ ከቅርጫቱ ስር ትጮኻለች። ሰማዩን አዩ፤ ምንም የለም።

«ለጥቂት ጊዜ ነው» አሉና ቅርጫቱን አነሱ።

የዶሮዎቹን ድምፅ እየሰሙ ለመስገድ ምንጣፋቸውን ደጅ ዘርግተው የረፋዱን ሶላት፣ ዱሃን፣ ቆሙ። በሁለተኛው ረከዓ ሱጁድ ላይ ሳሉ የክንፍ ድምፅ ሰሙ። አሰላምተው ቀና ሲሉ አመዱ ላይ ቀያይ ላባ ብቻ ነበር።

ጦይባ ከወር በኋላ ተመለሰች።

«ጭልፊት ወሰዳት» አሏት።

«ወይኔ! እንዴት ሆኖ?»

«ሶላት ላይ ሳለሁ ነው።»

የትኛው ሶላት እንደሆነ አልነገሯትም። እሷም አልጠየቀችም።

በዚያው ቀን ዐስር ከተሰገደ በኋላ ጦይባ መስጂዱ በር ላይ፣ ሼሁ ባሉበት፣ ለቃዲ ሷሊህ ነገረቻቸው። «ክስ አይደለም፣ ቃዲ። ሸሪዓውን ልወቅ ብዬ ነው። ድሃ ነኝ።»

ቃዲው ጢማቸውን ዳሰሱ። «አማና የተቀበለ ሰው ሳያጓድል ከጠፋበት አይተካም። ሶላት ላይ የነበረን ሰው ደግሞ አጓደለ የሚለው ማነው?»

የቆመው ሰው ሁሉ «ማሻአላህ» አለ። ጦይባ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። «እንግዲያስ ሐላል ይሁንልዎ፣ ሼሁ። ሪዝቄ አልነበረችም።»

ሼህ ሙዘይን መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። በማግስቱ ገበያ ሲወጡ ሰው ከወትሮው አብዝቶ እጃቸውን ሳመ። «ጭልፊት ሲመጣ እንኳ ከሱጁድ ያልተነሱ!» ይባባላል። ወራት ሙሉ ያላናገራቸው ሁሉ አነጋገራቸው። ሼሁም ይህን ናፍቀውት ነበርና፣ ደስ ማለቱ ራሱ አስፈራቸው።

ሦስት ቀን ዱሃ ሊሰግዱ ቆመው፣ ለተክቢራ ያነሱትን እጅ መልሰው አወረዱት። እውነቱን ቢናገሩ አሁን የመጣው ሰው እንደሚሸሽ አወቁ። ገብስማዋን ከሰጡም በቤቱ የሚቀር ነፍስ ያለው ነገር እሳቸው ብቻ ናቸው። በአራተኛው ጠዋት ዶሮዋን ጠርተው አቀፏት። አልሸሸቻቸውም። በጋቢያቸው ሸፍነው መጀመሪያ ቃዲው ዘንድ ሄዱ።

«ቃዲ፣ የፈረዱት እኔ በደበቅኩት ነገር ላይ ነው። ሶላቱ ዱሃ ነበር። ከዙህር በፊት እንዳላወጣት ደግሞ ቃል ገብቼ ነበር።»

ቃዲው ጠየቋቸው። «ለምን አወጧት?»

«ዝምታው በዛብኝ።»

«አላህ ይማርዎ። እንግዲያስ መተካት አለብዎ።»

«ይዣት መጥቻለሁ» አሉና ወደ ጦይባ ደጅ አቀኑ።

ጦይባ ነገሩን ስትሰማ ቁጣዋ ገነፈለ። «ነግሬዎ አልነበረም? እኔ እኮ ጣቴን ቀስሬ ዋርካውን አሳይቼዎታለሁ! ደግሞ ቁጭ ብዬ ሐላል ይሁንልዎ እላለሁ! አገሩስ? አገሩ ሁሉ እጅዎን ሲስም!»

«እውነትሽን ነው። ሁሉም እውነትሽ ነው።»

ጋቢያቸውን ገለጡ። ጦይባ ዶሮዋን ስታይ ቁጣዋ በረደ። «ይህቺማ የሉባባ ናት።»

«ያንቺ ናት።»

እጇን ዘርግታ ሰበሰበችው። ወደ ቤቷ ዞር ብላ ባዶውን ቆጥ አየች። ከዚያ ተቀበለቻቸው። ሌላ ምንም አልነበራትምና ማንም አይፈርድባትም።

ሼሁ ሊሄዱ ሲሉ ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው። «ግን ሼሁ፣ ማን አይቶዎት ነበር? ግቢው ውስጥ ብቻዎን አልነበሩ? ዝም ቢሉ እኮ ማንም አያውቅም።»

ሼህ ሙዘይን እንዲህ አሏት፦ «ያወጣኋትም ብቻዬን የሆንኩ መስሎኝ ነው። ብቻዬን ብሆን ኖሮማ ዝም ባልኩ ነበር።»

ይህን ብለው ሄዱ።

አላህ በቁርኣኑ የትም ብንሆን ከእኛ ጋር እንደሆነ ነግሮናል። እኛ «አላህ ያያል» የምንለው ብዙ ጊዜ ለማስፈራራት ነው፤ ልጆቻችን ስኳር ሲሰርቁ እንኳ የምንላቸው ይህንኑ ነው። መፍራቱም ተገቢ ነው። ሼሁ ግን በዚያው ቃል ውስጥ አብሯቸው ያለ እንዳለ አገኙበት፤ የሚያየው ያለ ሰው ብቻውን አይደለምና። ሐዘናቸው በዚህ ቀለለ ለማለት አልደፍርም። የባል ወይም የሚስት ቦታ ባዶ የሆነበት ቤት፣ ልጆች የሄዱበት ቤት፣ ጠዋቱ እንዴት እንደሚረዝም የሚያውቅ ያውቀዋል። ናፍቆትም ያሳስታል፤ ድምፅ ፈልገን የማይነሳውን ቅርጫት እናነሳለን።

አብዛኞቻችን «አላህ ከእኛ ጋር ነው» የምንለው ቤታችን ሞልቶ ሳለ ነው። እሳቸው የተናገሩት ግቢያቸው ባዶ በቀረበት ቀን ነው።