ሚዳቋ ከምንጩ የቀዳችው ውኃ

እጅ ጽሑፌ አያምርም፤ ፊደልም እሳሳታለሁ። ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩት እንደምንም ነው። ስለዚህ የተበላሸ ቃል ብታገኙ ይቅርታ አድርጉልኝና አቃንታችሁ አንብቡት። ተረቱ አጭር ነው፤ ትልቅም ትንሽም ቢያነበው ይገባዋል።

አንድ ጊዜ፣ አራዊት የራሳቸው ሸንጎ በነበራቸው ዘመን፣ የጫካው እንስሳት በሙሉ ከአንድ ወንዝ ይጠጡ ነበር። ከላይ ምንጩ አለ። ከምንጩ ዝቅ ብሎ አያ ጅቦ ቆዳ የሚዘፈዝፍበት ጉድጓድ አለ። ከሁሉም በታች አህያና ሌሎች እናቶች ልጆቻቸውን የሚያጠጡበት መልካ አለ።

ጅብ ሥጋውን ከበላ በኋላ የተረፈውን ቆዳ በኖራና በአመድ ዘፍዝፎ ቁርበት ይሠራል። የሸንጎው አባላት እንኳ የሚቀመጡት እሱ በሠራው ቁርበት ላይ ነበር። ሆኖም ሕግ አለ። «የቆዳ እጣቢ ከወንዙ መቶ እርምጃ ርቆ ይደፋ» ይላል። ጅብ ግን መቶ እርምጃ መሄድ ይሰለቸዋል፤ መቁጠርም አይችልም።

ሕጉ መከበሩን ለማወቅ ሸንጎው በየቅዳሜው ውኃውን ይመረምራል። ውኃው በሦስት ቅል ይቀዳል፤ አንዱ ከምንጩ፣ ሁለተኛው ከጅብ ጉድጓድ በታች፣ ሦስተኛው ከመልካው። ዳኛው አንበሳ በየቅሉ አንዳንድ ትንሽ ዓሣ ይጨምራል። ዓሣው ሲዋኝ ከዋለ ውኃው ንጹሕ ነው። ከሞተ ጥፋተኛው ይፈለጋል።

ቅሎቹ የተሰጡት ለሚዳቋ ነበር። ሚዳቋ እግረ ፈጣን ናት፤ ዋሽታም አታውቅም። አንድ ነገር ብቻ አለባት። ዓይን አፋር ናት፤ እንቢ ማለት ይከብዳታል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለተኛውን ቅል ልትሞላ ስትወርድ ቀበሮን መንገድ ላይ አገኘቻት። ቀበሮ የጅብ አማካሪ ናት፤ ከሚበላው ሥጋ ይደርሳታል።

«ሚዳቋዬ፣ ወዴት ነው እንዲህ ቅል ተሸክመሽ?»

«ከጉድጓዱ በታች ልቀዳ ነው፣ እመት ቀበሮ።»

«ከዚያ ጭቃ ውስጥ? እነዚህን የመሰሉ እግሮች ይዘሽ? ኧረ በሞትኩት!»

ጅብ ድምፅ ሰምቶ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ። «እመት ቀበሮ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው እንዴ? እጣቢውን አሁን ደፋሁት እኮ! ልመልሰው?»

«ዛሬ ዓርብ ነው፣ አያ ጅቦ! ግባ!» አለችው። ከዚያ ወደ ሚዳቋ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አትፍረጂበት፤ ጠዋት ጠዋት ይቃዣል። ይልቅ ስሚኝ። ወንዙ አንድ ወንዝ ነው፤ ላይ ያለው ውኃ ነው ታች የሚወርደው። ሦስቱንም ከምንጩ ብትሞዪ ምን ይጎድላል? ደግሞስ የሰው ደጅ ቆሞ ጓዳውን ማሽተት ነውር አይደለም?»

ሽታው የሚዳቋ አፍንጫ ውስጥ ገብቷል። ነጭ ውኃ ወደ ወንዙ ሲንቆረቆርም አይታለች። ግን ቀበሮ ፈገግ ብላ መንገዱን ይዛለች፤ ጅብም ከአጥሩ ላይ አፍጥጦባታል። «አሳልፉኝ» ማለት አፈረች። ተመልሳ ሦስቱንም ቅል ከምንጩ ሞላች።

ያን ቀን ሦስቱም ዓሣዎች ሲዋኙ ዋሉ። አንበሳ «ውኃው ንጹሕ ነው» ብሎ አስነገረ።

አመሻሽ ላይ አህያ ውርንጭላዋን አስከትላ መጣች። የመጀመሪያ ልጇ ነው።

«እቴ ሚዳቋ፣ መልካው ሰሞኑን ይሸተኛል። የቀዳሽው አንቺ ነሽና ልጠይቅሽ፤ ላጠጣው?»

ሚዳቋ መሬት መሬቱን እያየች፣ «ንጹሕ ነው ተብሏል» አለች።

«አንቺ ካልሽ ይበቃኛል» አለች አህያ፤ ልጇንም ወደ መልካው ወሰደችው።

በሦስተኛው ቀን ውርንጭላው ሆዱ ተነፋ። በአራተኛው ቀን ሞተ።

ሸንጎው ተሰበሰበ። አህያ መሃል ላይ ቆማ፣ «ጌታዬ፣ ማንንም አልከስም» አለች። «ጥፋቱ የራሴ ነው። ጤዛ ያለበት ሣር አብልቼዋለሁ። እናቴ አታብዪ ትለኝ ነበር።»

«ውኃውስ?» አለ አንበሳ።

«ውኃውማ ተመርምሯል።»

ጅብ ከኋላ ሆኖ አጥንት ይቆረጥም ነበር። «የታችኛውን ውኃማ እኔም አልጠጣው! ያቃጥላል እኮ!» አለ።

ሁሉም ዞሮ አየው።

«የሰው ድርሻ እየዋጥክ፣ አንተን ምን የማያቃጥልህ አለ?» አለች ቀበሮ ፈጠን ብላ። ጥቂቶች ሳቁ። አንበሳ ግን አልሳቀም። ወደ ሚዳቋ ዞረ።

«ሚዳቋ፣ ሦስቱን ቅል ከሦስቱም ቦታ ነው የቀዳሽው?»

የሚፈለገው አንድ ቃል ብቻ ነበር። ሚዳቋ አፏን ከፈተች። ሸንጎው ሁሉ ያያታል። አህያም ታያታለች፤ እያለቀሰች እንኳ «አይዞሽ» የምትላት ትመስላለች። ሚዳቋ አፏን ገጠመችና «አዎ» በሚል ራሷን ነቀነቀች።

«እንግዲያው ውኃው አይደለም» አለ አንበሳ። ሸንጎው ተበተነ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚዳቋ ቀበሮን ሰላም ሳትላት አልፋ ጭቃው ውስጥ ገባች። ከሦስቱም ቦታ ቀዳች። የሁለተኛውና የሦስተኛው ቅል ዓሣዎች እኩለ ቀን ሳይሆን ሞቱ። አንበሳ፣ «ባለፈው ሳምንት ንጹሕ ነበር፤ የተበላሸው በዚህ ሳምንት ነው» ብሎ ፈረደ። የጅብ ጉድጓድ ተደፈነ። ጅብም እጣቢውን በእንስራ ተሸክሞ፣ ዝንጀሮ እየቆጠረለት፣ መቶ እርምጃ ይመላለስ ጀመር። ቀበሮ ሌላ ጌታ ፈለገች።

«ይቺ ሚዳቋ ባትኖር ኖሮ አልቀን ነበር!» ተባለላት።

አህያም መጥታ አንገቷን በሚዳቋ አንገት ላይ ጣለች። «እግዜር ይስጥሽ። የሌሎቹን ልጆች አተረፍሽ። የኔን ግን እኔው በሣር ገደልኩት።»

«እቴ...» ብላ ሚዳቋ ጀመረች። አልጨረሰችውም።

በዓመቱ አህያ ሌላ ውርንጭላ ወለደች። ፀሐይ በርትታ ጤዛው ድርቅ እስኪል ድረስ ሣር አታስነካውም ነበር። ውርንጭላው በየጠዋቱ እየራበው ሲጮህ ሚዳቋ ከሩቅ ትሰማለች።

ሚዳቋ ውኃ ስትጠጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዴ ትጎነጭና ቀና ትላለች፤ ጆሮዋን ታቆማለች። ሰዎች ነብር ፈርታ ነው ይላሉ። አይደለም። አህያ ከኋላዋ መጥታ «እቴ፣ ያን ቀን ከየት ነበር የቀዳሽው?» እንዳትላት ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ ጥፋታችንን በኋላ በሥራ ብናርመው እንኳ ለተጎዳው ሰው በአፋችን እስካልነገርነው ድረስ ጥፋቱን እሱ ተሸክሞት እንደሚኖር ነው፤ እኔም ባለፈው ክረምት ከክልል የመጡት የውኃ መርማሪዎች ሦስት ጠርሙስ ሲሰጡኝ በወንዛችን ዳር ያለውን የቆዳ ፋብሪካ ዘበኞች አልፌ ከፋብሪካው በታች መውረድ አፍሬ ሦስቱንም ከምንጩ ሞላሁ፤ ጎረቤታችን እትዬ ደብሪቱ እስከ ዛሬ «ልጄን ያሳመምኩት እኔ ባበላሁት ገንፎ ነው» ይላሉ፤ እኔም ለእሳቸውም ለማንም አልተናገርኩም።