እማማ ደብሪቱና ያልተከፈተው በር

ተረት ተረት! «የተቆለፈ ቤት!» ብላችሁ መልሱልኝ። ጮክ በሉ እንጂ! ይህን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

እማማ ደብሪቱ የሚባሉ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሴት ነበሩ። ምኞታቸው አንዲት ብቻ ናት፤ የእናታቸውን ፊት ማየት። እናታቸው አሰገደች የሞቱት እሳቸው ገና ጡት ሳይጥሉ ነው። ፎቶግራፍ አልቀረ፣ ምንም አልቀረ። ታዲያ አንድ ቀን ጎረቤታቸው ከሩቅ ከተማ ስትመለስ፣ «እማማ፣ እዚያ ወይን እርሻው አጠገብ ባለው ሙዚየም የድሮ ወይን ለቃሚዎች ፎቶ ተሰቅሏል። ከሥሩ የእናትዎ ስም ከነአባታቸው ተጽፏል» አትላቸውም!

እድራቸው የአንድ ቀን ጉዞ አዘጋጀ። ጠዋት ትክል ድንጋይ፣ ከሰዓት ወይን መቅመስ፣ መጨረሻ ላይ ሙዚየም። ሙዚየሙ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ በማግስቱ ደግሞ ለእድሳት ይዘጋል። እድሳት ሲጀመር እንጂ ሲያልቅ ያያችሁ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ። ይኸው ነው፤ ዛሬ ካላዩ አላዩም።

ትክል ድንጋዩ ጋ ሰዉ ከድንጋይ ጋር ተቃቅፎ ፎቶ ሲነሳ ግማሽ ቀን አለቀ። ወይን መጥመቂያው ሲደርሱ ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ሌላው ወደ አዳራሹ ሲንጋጋ፣ እማማ ደብሪቱ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ግቢውን አቋርጠው፣ ሙዚየሙ ደጃፍ ላይ ቆሙ። በሩ ተቆልፏል። ዘበኛው አቶ ጉርሜሳ ቁልፉን በጣታቸው እያሽከረከሩ ተቀምጠዋል።

«ክፈቱልኝ።»

«ያለ ቲኬት አልከፍትም፣ እናቴ።»

በሩ አልተከፈተም፣ እማማ ደብሪቱም እናታቸውን አላዩም።

ወደ ቲኬት ቆራጯ ሄዱ። ልጅቷ በመስኮቱ ቀዳዳ አየቻቸው። «ለብቻዎ አልቆርጥም፣ እማማ። የመጣችሁት በቡድን ነው። አስጎብኚው ቡድኑን ይዞ ሲመጣ እቆርጣለሁ።»

«እኔ ቡድን አይደለሁም፣ ሰው ነኝ!» አሉ። ማን ሰምቷቸው! ቲኬቱ አልተቆረጠም፣ በሩ አልተከፈተም፣ እማማ ደብሪቱም እናታቸውን አላዩም።

አስጎብኚው ናሆም ዛፍ ሥር ጋደም ብሎ ስልኩን ይነካካል። «ለእርስዎ ብቻ ተርኬ፣ ደግሞ እንደ አዲስ ለሃምሳ ሰው ልተርክ? ሰዉ ሲነሳ እነሳለሁ።»

«ትረካህ ይቅርብኝ! ፊት ነው ማየት የምፈልገው!»

«ሰዉ ሲነሳ፣ እማማ።» ወይ ጉድ! ከተጋደመበት ቀና እንኳ አላለም። አስጎብኚው አልመጣም፣ ቲኬቱ አልተቆረጠም፣ በሩ አልተከፈተም፣ እማማ ደብሪቱም እናታቸውን አላዩም።

አዳራሽ ገቡ። ሃምሳ ሰው ባዶ ብርጭቆ ፊቱ ደቅኖ ተቀምጧል። «ተነሱ እባካችሁ፣ ሙዚየሙ ሊዘጋ ነው!»

«ውይ እማማ፣ እዚህ ድረስ መጥተን ሳንቀምስማ አንነሳም!» አሉ ተጓዦቹ። «ቀጂው ነው ያስቀመጠን።» ወይኑ አልተቀመሰም፣ ተጓዡ አልተነሳም፣ አስጎብኚው አልመጣም፣ ቲኬቱ አልተቆረጠም፣ በሩ አልተከፈተም፣ እማማ ደብሪቱም እናታቸውን አላዩም።

ቀጂው ኤርሚያስ ጠርሙሱን ሊነጥቁት የመጡ ይመስል ደረቱ ላይ ለጥፎታል።

«አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው የማትቀዳው?»

«የጉዞው አስተባባሪ አቶ ስንሻው ቅዳ ካላሉኝ ጠብታም አላንጠባጥብ!»

እግዜር ያሳያችሁ! እግራቸው ደክሟል፣ ጉሮሯቸው ደርቋል፣ ሰዓቱ ይሮጣል። ትእዛዙ አልተሰጠም፣ ወይኑ አልተቀዳም፣ ተጓዡ አልተነሳም፣ አስጎብኚው አልመጣም፣ ቲኬቱ አልተቆረጠም፣ በሩ አልተከፈተም፣ እማማ ደብሪቱም እናታቸውን አላዩም።

አቶ ስንሻውን ከአውቶቡሱ ኋላ አገኟቸው። ላብ በላብ ሆነው፣ ጎንበስ ብለው ጎማው ሥር ያያሉ።

«ስንሻው! ምን ትሠራለህ? ለምን ቅዳ አትለውም?»

«ሳይመረቅ እንዴት ይቀዳል፣ እማማ? የዕድሜ ታላቅ ሳይመርቅ መጠጣት ነውር አይደለም?»

«እና ታላቁ ሰውዬ የት ገባ?»

«ታላቁማ እርስዎ ነዎት! አንድ ሰዓት ሙሉ ስፈልግዎት! ለእርስዎ ክብር ብዬ እኮ ነው ሁሉን ያስቆምኩት!»

እማማ ደብሪቱ አንድ ጊዜ ሰማዩን አዩ። ከዚያ ፈነዱ።

«ለእኔ ክብር? ለእኔ ክብር ብለህ እኔኑ በፀሐይ ታንከራትተኛለህ? አንድ ሰው እንኳ አረፍ ይበሉ ሳይለኝ፣ አንድ ሰው እንኳ ምን ፈልገው ነው ሳይለኝ፣ ክብር? ክብራችሁን እዚያው ያዙት!»

ልክ ናቸው! እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምለው። አቶ ስንሻውን በእጅጌያቸው ጎትተው አዳራሹ በር ላይ ቆሙና እጃቸውን ዘረጉ።

«ተነሱ! ልብ ይስጣችሁ!»

«አሜን!»

«ዓይን ይስጣችሁ!»

«አሜን!»

«እግርም ይስጣችሁ፣ ቶሎ የሚነሳ!»

«አሜን!»

ይኼኔ አስተባባሪው አዘዙ፣ ቀጂው ቀዳ፣ ተጓዡ ቀምሶ ተነሳ፣ አስጎብኚው ከዛፉ ሥር ብድግ አለ፣ ቲኬቱ ተቆረጠ፣ አቶ ጉርሜሳ ሰዓታቸውን አዩ፣ ደግሞ የእማማን ፊት አዩ፣ ሰዓታቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ በሩም ተከፈተ።

ፎቶው ከመጨረሻው ግድግዳ ላይ ነበር። ወይን ለቃሚዎቹ ቅርጫታቸውን ታቅፈው፣ እንደ ችካል ቀጥ ብለው ተደርድረዋል። አንዲት ቀጭን ልጅ ብቻ ቅርጫቷን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ በሌላው ጣቷ ፎቶ አንሺውን ትጠቁማለች። አፏ ተከፍቷል።

አቶ ጉርሜሳ ከሥሩ ያለውን አነበቡላቸው። «ከግራ ሦስተኛዋ፣ አሰገደች ወልዴ።»

እማማ ደብሪቱ ግንባራቸውን የፎቶው መስተዋት ላይ አስደገፉ። አለቀሱ።

ተከትላቸው የገባችው ቲኬት ቆራጭ፣ «ፎቶ አንሺውን ምን እያሉት ይሆን?» አለች በቀስታ።

«ምን ትለዋለች!» አሉ እማማ፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «በፀሐይ አታቁመን ነዋ የምትለው! እሰይ እናቴ! በይው!»

ተረቴን መልሱ፣ ከፀሐዩ ተነሱ።