የአያ ጅቦ ዳኝነት

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት አትበሉኝ፤ በዚህ ተረት በረቱ ባዶ ነው።

በድርቅ ጊዜ እንስሳት አንዲት ምንጭ ብቻ ብትቀራቸው፣ በካርታ ውድድር ሁሉን ያሸነፈ ይውሰዳት ብለው አያ ጅቦን ዳኛ አደረጉ። ክርክር እንዳይበዛም ያለ ዋስ የከሰሰ የዳኛው ምሳ ይሁን ተባባሉ።

መጀመሪያ ዝንጀሮና ሚዳቋ ተቀመጡ። ዝንጀሮ በጉንጩ የደበቀውን ጆከር አውጥቶ ጣለና አሸነፈ።

«አያ ጅቦ፣ አጭበረበረኝ! ካርታው ከአፉ ነው የወጣው!» ብላ ሚዳቋ ጮኸች።

«ዋስ ጥሪ» አላት ጅብ።

ሚዳቋ ከጎኗ ተቀምጦ ሁሉን ወዳየው ጃርት ዞረች።

«እኔ ምን አገባኝ? የእኔ ተራ ገና ነው» አለ ጃርት።

ጅብ በላት።

የጃርት ተራ ሲደርስ እሱም ያንኑ አየ፣ ያንኑ ጮኸ፣ ዋስ አጥቶ ተበላ። የቀሩትም እንዲሁ አለቁ።

በመጨረሻ ዝንጀሮ ሊጠጣ ጎንበስ ሲል «ቆይ እንጂ፣ እኔ ቀርቻለሁ» አለው ጅብ። ካርታው ተበወዘ። ጅብ ከብብቱ ጆከር መዝዞ ጣለ።

«አያ ጅቦ፣ ይሄማ ማጭበርበር ነው!» አለ ዝንጀሮ ሳያስበው።

«ዋስ ጥራ።»

ዝንጀሮ ዞር ዞር ብሎ አየ። በምንጩ ዙሪያ አጥንት ብቻ ነበር።

ተረቴን መልሱ፤ መላሽ ከተረፈ።