የበቅሎው አባት

ተረት ተረት፤ የላም በረቱን ለላሞቹ ትተን ከአህዮች ጋጣ እንጀምር። መሪው አህያ ማክሰኞ ሞተ። አህዮቹን ወደ ገበያ የመምራቱ ተራም ለልጁ ለበቅሎው ደረሰ።

በቅሎው ኩራቱ አይጣል ነበር። አንገቱን እንደ ፈረስ ቀጥ አድርጎ እየሰገረ ወንዙ ዳር ደረሰና «ተከተሉኝ!» አለ። አንድም አህያ ንቅንቅ አላለም። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፤ ከኋላቸው ካለው ጫካ ደግሞ ጅብ ይወጣል።

«ማንን ነው የምንከተለው?» አለች የሟቹ እህት፣ አሮጊቷ አህያ። «ለመሆኑ አባትህ ማነው?»

«እናቴ ፈረስ ናት» አለ በቅሎው፣ እንደለመደው።

አህዮቹ ጭነታቸው እስኪንሸራተት ሳቁ።

«እናትህን ማን ጠየቀህ፣ የወንድሜ ልጅ? እሷማ አንተን ከወለደች ጀምሮ ፊቷን አዙራ ነው የምትግጠው!»

በቅሎው በንዴት እንደ ፈረስ ሊያሽካካ አፉን ከፈተ። ሦስት ቀን አምቆ የያዘው ነገር ግን ቀደመው።

«አባቴ አህያ ነው» አለ። «የሞተብኝም እሱ ነው። ይህ ረጅም ጆሮም የእሱ ነው፣ አክስቴ።»

ከዚያም አናፋ። እንዲህ ያለ አስቀያሚ ድምፅ ከአባቱ በቀር ያወጣ አልነበረም።

«እሰይ! ቁርጥ እሱን!» አለች አክስቱ። አህዮቹም እያናፉ ተከትለውት ወንዙ ውስጥ ገቡ። ጅቡ ሲደርስ ያገኘው ፋንድያ ብቻ ነበር።

ማዶ ደርሰው ጭነቱ ሲራገፍለት፣ በቅሎው ለምለሙን ሣር አልፎ አመድ ፈለገና አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ተንከባለለ።